ላም ቅዳሜና እሑድ አታውቅም

ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ገደማ ነው፤ ፍላጎቷም ከአንድ ቀን አያልፍም። ጠዋት ሌሎች ሲወጡባት ጸጥ ብላ ከቆመች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከሆነ በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ምልክቱ ቅዳሜ ማታ ከታየ ግን የመንግሥት አዳቃይ እሑድ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ የለም። ያ ቀን ካመለጠ ላሟ ሌላ ሦስት ሳምንት ፉርሽካና ድርቆሽ እየበላች ትከርማለች፤ ጥጃውም ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያል። በሰበታ፣ በሆለታ፣ በሱሉልታና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉ ብዙ አርቢዎች ለግል ባለሙያ ገንዘብ ማውጣት የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ "አርሶ አደሩ ለሙያ አገልግሎት ይከፍላል ወይ?" የሚለው ክርክር ጊዜው አልፏል። ይከፍላል። ቅሬታው ሌላ ነው፤ ለመርፌው፣ ለመኖውና ለማዳቀሉ ይከፍላል፣ ምክሩ ግን ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል።

የጡት በሽታን እንውሰድ። አርቢው ወተቱ መቋጠሩን አይቶ ወደ መድኃኒት መደብር ይሄዳል፤ ላሟን ያላየ ሻጭ ጸረ ተሕዋስያን ይሰጠዋል። በረቱን ማድረቅ፣ ከማለብ በፊት እጅና ጡት መታጠብ፣ የታመመችውን በመጨረሻ ማለብ፣ መድኃኒት የወሰደች ላም ወተት ለስንት ቀን እንደማይሸጥ ማወቅ፤ ይህ ሁሉ ጠርሙስ አያሸጥም። መኖም እንዲሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን መገኘቱ ሲሰማ፣ ዋነኛ ተጠርጣሪው የኑግ ፋጉሎ ነበር። የሻገተውን ፋጉሎ አትግዛ ብሎ የሚመክር የፋጉሎ ነጋዴ ከየት ይመጣል?

የመንግሥቱ ኤክስቴንሽንም ክፍተቱን አልሞላም። በ1960 ዓ.ም. በአሰላ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ዲቃላ ጊደሮችን ያከፋፍል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገር ደረጃ የተስፋፋው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ግን ልቡ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ላይ ነበር። ዛሬም የቀበሌው የእንስሳት ልማት ሠራተኛ ከላሞቹ ይልቅ በተፋሰስ ሥራና በስብሰባ ይጠመዳል። አርቢዎች ስለ እነዚህ ሠራተኞች ሲያወሩ ምሬታቸው በሰዎቹ ላይ አይደለም፤ በተጫነባቸው ሥራ ላይ ነው።

ይሁንና ሁሉን ለግል እንተው የሚለውን አልቀበልም። አሥር ዲቃላ ላም ያለውና አንዲት የአገር ላም የምታልብ ባልቴት እኩል አይከፍሉም። የወተቱ ገበያ ራሱ ወቅት አለው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገዢ ሲጠፋ የባለሙያ ሒሳብ ከየት ይወጣል? እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መንገድ ያሳያሉ። የቢሾፍቱው አድአ ማኅበር ወተት ከመሰብሰብ አልፎ ለአባላቱ መኖና የማዳቀል አገልግሎት ሲያቀርብ ቆይቷል። ማኅበር የራሱን መካሪ ቢቀጥርና ክፍያውን ከወተቱ ሒሳብ ላይ ቢቀንስ፣ መካሪው የሚታዘዘው ለአርቢዎቹ እንጂ ለመድኃኒት አስመጪ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ማኅበር ብቻውን አይፈታውም። ቀን የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነው ባለሙያ ማታና እሑድ በግሉ ይሠራል፤ አርቢዎች ያውቁታል፣ ይፈልጉታልም። ይህን ከመደበቅ ይልቅ ፈቃድ ሰጥቶ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ ይሻላል። ባለሙያው በሄደበት በረት ሁሉ የላሟን መለያ፣ የሰጠውን መድኃኒትና ወተቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሸጥ የሚገልጽ ወረቀት ፈርሞ እንዲተው ወረዳው ማስገደድ ይችላል፤ ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልገውም።