መድኃኒት ረጪዎችን በምን ዘዴ እናሠልጥን?

ብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፀረ አረም የሚረጩ አባሎቻቸውን የሚያሠለጥኑት በአዳራሽ በሚሰጥ ንግግር ነው። እኛም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርገን ነበር። ሠልጣኞቹ ጥያቄውን ሁሉ በሚገባ መለሱ፤ ማሳ ላይ ሲሰማሩ ግን አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲያዘግም አየን።

ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሄክታር አንድ መቶኛ ነው። በዚህ ቦታ ላይ 2 ሊትር ውሃ የሚጨርስ ረጪ ለሄክታር 200 ሊትር ይፈጃል። የታዘዘው መድኃኒት ለሄክታር 1 ሊትር ቢሆን፣ በ15 ሊትር መርጫ የሚጨምረው 75 ሚሊ ሊትር ነው። አዝግሞ 3 ሊትር የሚጨርሰው ግን 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ይበቃዋል። እርሱም 75 ከጨመረ፣ መድኃኒቱ ከታዘዘው በግማሽ ይበልጣል፤ ሰብል ሊጎዳ፣ የማኅበሩም ገንዘብ ሊባክን ይችላል።

ስለዚህ ዘዴዎቹን እንደሚከተለው ማቀናጀት ይገባል፦

1. ንግግር፦ የመድኃኒቱን አደገኛነትና ስሌቱን ለማስረዳት፤ አጭር ይሁን።
2. ሠርቶ ማሳያ፦ ሠራተኛው ጓንትና ቦቲ ጫማ አድርጎ አለካኩን ያሳይ።
3. ልምምድ፦ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ንጹሕ ውሃ እየረጨ የራሱን መጠን ይለካ።
4. ማስታወሻ፦ መጠኑ በካርድ ይጻፍለት፤ ማንበብ ለማይችል በመስፈሪያው ላይ ምልክት ይደረግለት።
5. ክትትል፦ በመጀመሪያው የርጭት ቀን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳው ላይ ይገኝ።

ጊዜ ካጠረ ንግግሩ ይቀነስ እንጂ ልምምዱ አይቀነስ። የረጪ እርምጃ በንግግር አይስተካከልምና።