ጋምቤላ ላይ ለቶምና ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆን ርካሽ ድምፅ ማጉያ

በአኙዋ ማኅበረሰብ ዘንድ የሚታወቀው ቶም፣ በእንጨት ሣጥን ላይ የተደረደሩ የብረት ምላሶች ያሉትና በአውራ ጣት የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የድምፁ መለያ ምላሱ በሚለቀቅበት ቅጽበትና ወዲያው በሚከተለው መካከለኛ ድምፅ ውስጥ ይገኛል። የተቀረጸ የቶም ዜማ በላፕቶፕ እየሰማ ወደ ኖታ የሚገለብጥ ተማሪ በጥቂት ብር የሚገዛው ድምፅ ማጉያ፣ በተለምዶ ስፒከር የሚባለው፣ ይህን መለያ ካጠፋበት ሥራው ይበላሻል። ያው ዕቃ ደግሞ ማታ ማታ ለኮምፒውተር ጨዋታ መዋሉ አይቀርም።

በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ግራና ቀኝ የሚቀመጡ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ያሉት (2.0) ሲሆን፣ ሌላው ሁለት ትንንሽ ሣጥኖችን ከአንድ የወፍራም ድምፅ ሣጥን ጋር ያጣመረ (2.1) ነው። ገዢን የሚያሳስተው ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ነው። ፒኤምፒኦ የሚባለው ልኬት አምራቾች የተስማሙበት ስሌት የለውም፤ ሊታመን የሚገባው የማያቋርጥ ኃይልን የሚያመለክተው አርኤምኤስ ነው። ለምሳሌ ኃይሉን ከተለመደው የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ብቻ የሚያገኝ ጥንድ 5 ቮልትና 0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ይደርሰዋል፤ ካርቶኑ ሺህ ዋት ቢልም። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ መጨመር አለበት።

የ2.1 ችግር ከትንንሾቹ ሣጥኖች ይጀምራል። 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ማሰሚያ ከ200 ኸርዝ በታች ስለሚደክም፣ ወፍራሙ ሣጥን እስከዚያ ድረስ እንዲወጣ ይገደዳል፤ የወንድ ድምፅ መሠረትም በዚሁ ክልል ነው። በርካሹ ሣጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ጎልቶ ከላዩ ያሉትን ድምፆች ይሸፍናል። ጆሮ የጎደለውን ዝቅተኛ ድምፅ ከላይኞቹ ተነሥቶ በግምት ሊሞላው ይችላል፤ የተሸፈነውን መካከለኛ ድምፅ ግን መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ ለሙዚቃ የወፍራም ድምፅ ማነስ ከመብዛቱ ይሻላል።

ለጨዋታ ፍንዳታውን የሚያደምቀው በርግጥ ወፍራሙ ሣጥን ነው። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ የባላጋራውን ኮቴ ከግራ ወይም ከቀኝ መለየት የሚችለው ድምፁ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል በሚያሳየው የጊዜና የጉልበት ልዩነት ነው፤ የጊዜው ልዩነት ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን የሚሠሩት የጎን ሣጥኖቹ ናቸው። ከአድማጩ እኩል ርቀት ላይ፣ በጆሮ ቁመትና ከግድግዳ ማዕዘን ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ውጤቱን ያሻሽላል።

የጋምቤላ ሁኔታም የራሱን ፍርድ ይጨምራል። ከተማዋ በባሮ ወንዝ ዳር ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሙቀቷ ከ2,300 ሜትር በላይ ካለችው አዲስ አበባ እጅግ ይበልጣል። በአምፕሊፋየር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አምፕሊፋየሩን በወፍራሙ ሣጥን ውስጥ የሚይዘው ርካሽ 2.1 አየር ከሌለበት ጥግ ከተቀመጠ ቶሎ ይደክማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በላፕቶፕ ባትሪ የሚቀጥለው የዩኤስቢው ጥንድ ብቻ ነው፤ ለጸጥተኛ ክፍል ያ 2.5 ዋት አያንስም።

አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው፣ መብራት የማያስተማምን ካልሆነ፣ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራና ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማሰሚያ ያለው 2.0 ይመረጣል። በሱቅ ውስጥ ለመፈተን የሚያውቁትን ቅጂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መክፈት፣ 2.1 ከሆነም የወፍራሙን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው መቀነስ ነው። ያኔ የቶሙ ምላሶች አንዱ ከሌላው ተለይተው ካልተሰሙ፣ መቆጣጠሪያውን መልሶ ከፍ ማድረግ አይለያቸውም።