ልምድ ብቻውን ለምን አይበቃም? የሰርፊንግ ፊዚክስና የአሠልጣኝ ዓይን

ሃያ ዓመት ሙሉ በባሕር ሞገድ ላይ የቆመ ሰው አሠልጣኝ ያስፈልገዋልን? ጀማሪ አስተማሪ እንደሚያሻው ማንም አይክድም። ሞገዱን ከሩቅ አይቶ የሚመርጥ፣ በሰሌዳው ላይ ሳያመነታ የሚነሣ፣ የባሕሩን ጠባይ ጠንቅቆ ያወቀ አንጋፋ ግን ከባሕሩ ከራሱ የተሻለ ምን አስተማሪ ያገኛል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በፊዚክስና በእንቅስቃሴ ትምህርት ሳይንስ ዓይን እንመረምራለን። መልሳችን፣ ልምድ እየዳበረ በሄደ ቁጥር የአሠልጣኙ ተግባር ይለወጣል እንጂ ጥቅሙ አይጠፋም የሚል ነው። ባሕር ብዙ ነገር ቢያስተምርም አንድ ነገር ፈጽሞ አያሳይምና፤ ይኸውም ተማሪውን ራሱን ነው።

ሞገዱና ሰሌዳው

አገራችን የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ስፖርቱ በእኛ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም፤ ስለዚህ በቅድሚያ ምንነቱን ባጭሩ እንግለጽ። ሰርፊንግ ማለት በቀላል ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ወደ ዳርቻ በሚገሠግሥ የባሕር ሞገድ ፊት ላይ ቁልቁልና አግድም መንሸራተት ነው። ጥንታዊ መሠረቱ በፖሊኔዥያ ደሴቶች፣ በተለይም በሐዋይ ነው። በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ 2020 ጨዋታ ሲሆን፣ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ ውድድሩ የተደረገው ከፓሪስ እጅግ ርቆ በታሂቲ ደሴት ነበር።

ለሰርፊንግ የሚመቹ ሞገዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚወለዱት ከዳርቻው እጅግ ርቆ በሚነሣ ዐውሎ ነፋስ ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው የሞገዱ ኃይል እንጂ ውኃው አይደለም፤ እያንዳንዷ የውኃ ቅንጣት ክብ መሰል መንገድ ተጉዛ ወደ ነበረችበት አቅራቢያ ትመለሳለች። የውኃው ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሲያንስ ግን ሞገዱ የወለሉ ተጽዕኖ ይሰማው ይጀምራል። ይዘገያል፤ ቁመቱም ይጨምራል። ወለሉ ይበልጥ ሲቀርብ የሞገዱን ፍጥነት የሚወስኑት በዋናነት የምድር ስበትና የውኃው ጥልቀት ይሆናሉ፤ ጥልቀቱ 3 ሜትር በሆነበት ስፍራ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.4 ሜትር ያህል ነው። የሞገዱ ቁመት ከውኃው ጥልቀት አራት አምስተኛ ገደማ ሲደርስ አናቱ ወደ ፊት ወድቆ ይሰበራል።

ሰርፈሩ በሆዱ ተኝቶ በእጆቹ ሲቀዝፍ ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም። የጎደለውን ፍጥነት የሚሞላለት የሞገዱ ፊት ቁልቁለት ነው፤ ስበት ሰሌዳውን ቁልቁል ይስበዋል። ስለዚህ የሚጠብቅበት ስፍራ ወሳኝ ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ባሕሩ ከራቀ ሞገዱ በሥሩ ያልፈዋል፤ ጥቂት ሜትር ወደ ዳርቻው ከቀረበ ደግሞ በላዩ ይሰበርበታል።

ከተነሣ በኋላም ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። መልካም ሞገድ በአንድ ጊዜ ሁሉ አይሰበርም፤ መሰበሩ ከአንድ ወገን ጀምሮ በአግድም ይሮጣል። ሰርፈሩም ከሚያሳድደው ነጭ አረፋ ቀድሞ መሄድ አለበት። በሞገዱ አናትና አረፋው በሚተወው ዱካ መካከል ያለው ማዕዘን 45 ዲግሪ ከሆነ፣ ሞገዱ በሰከንድ 5 ሜትር ሲጓዝ ሰርፈሩ 7 ሜትር ያህል መጓዝ ይኖርበታል። ማዕዘኑ ወደ 30 ዲግሪ ቢጠብ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ላይ ሆኖ ስለ እጁና ስለ እግሩ አቀማመጥ የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

ባሕር ስስታም መምህር ነው

አንድ ሰርፈር በውኃ ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ ስንቱ በሞገድ ላይ ነው? ይህን በሰዓት የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት እንግዳውን ያስገርማል። ግማሽ ያህሉ ጊዜ በመቅዘፍ ያልፋል፤ ከቀሪው አብዛኛው ደግሞ ሞገድ በመጠበቅ ነው። በሞገድ ላይ ቆሞ የሚያሳልፈው ከ4 እስከ 8 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ቢለማመድ እንግዲህ ትክክለኛው ልምምድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አይበልጥም። ክራር የሚማር ሰው ሁለት ሰዓት ቢለማመድ ሁለት ሰዓት ክሩን ነክቷል፤ ያስቸገረውንም ዜማ ሃያ ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል። ሰርፈሩ ግን ያንኑ ሞገድ ዳግመኛ አያገኘውም።

ይህ ለሳይንስ ተማሪ የሚታወቅ ችግር ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት ተለዋዋጮች በአንድ ጊዜ ከተለወጡ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም። ሰርፈሩ ዛሬ መዞሪያው ያማረለት እርሱ ስለተሻሻለ ነው ወይስ ሞገዱ ስለተመቸ? ባሕሩ መልስ አይሰጠውም። የሩጫን ነገር ብንወስድ፣ ሯጭ የተለካ ትራክና የማይዋሽ ሰዓት አለው። እንዲያም ሆኖ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ እንኳ በብሔራዊ ቡድናችን ከአሠልጣኙ ከዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ምክር አልተለዩም። ሰዓትም ሆነ ትራክ የሌለው ሰርፈር ደግሞ የውጭ ታዛቢ የሚያስፈልገው ይበልጡን ነው።

ሰውነት የማይናገረው ማዕዘን

«የራሴን እንቅስቃሴ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?» የሚል አንጋፋ ይኖር ይሆናል። ፊዚክስ ለዚህ ጥያቄ ያልተጠበቀ መልስ አለው።

በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቁ አካላት አሉ። ከእነዚህ ከፊሎቹ በላያቸው በተጫኑ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አማካይነት «ወደ ታች» የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ያመለክቱናል። ይሁንና እነዚህ አካላት የምድርን ስበት በመዞር ምክንያት ከሚሰማን ግፊት መለየት አይችሉም። ሁለቱን ከውስጥ ሆኖ መለየት እንደማይቻል አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 አስተውሎ ለስበት ንድፈ ሐሳቡ መነሻ አድርጎታል። አውሮፕላን ጎኑን አዘንብሎ በቀስታ ሲዞር ዓይኑን የጨፈነ መንገደኛ መዘንበሉን አያውቅም፤ በመቀመጫው ላይ ጥቂት ከበድ ማለቱ ብቻ ይሰማዋል።

ሰርፈሩም በሞገዱ ግርጌ ሲዞር የሚገጥመው ይኸው ነው። በሰከንድ 7 ሜትር እየተጓዘ 4 ሜትር ራዲየስ ባለው ቅስት ላይ የሚዞር ሰርፈር ሚዛኑን የሚጠብቀው ከቀጥታው መስመር 51 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በዚያች ቅጽበት እግሮቹ የሚሸከሙት የ112 ኪሎ ግራም ሰው ያህል ነው። ያዘነበለው 35 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚሰማው ክብደት ወደ 85 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ የቅስቱም ራዲየስ ከ7 ሜትር በላይ ይሆናል። በዚህን ጊዜ ከመዞሪያው ሲወጣ የሞገዱ ብርቱ ክፍል አምልጦታል።

አንባቢው እዚህ ላይ ልብ ይበል። በሁለቱም አዟዟር ኃይሉ የሚያልፈው ከራስ እስከ እግር በሰውነቱ ቁመት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም «ቀጥ ብሎ የመቆም» ስሜት ይሰጣሉ። ልዩነታቸው የክብደት ስሜት ብቻ ነው። ለአሥር ዓመት በ35 ዲግሪ የዞረ ሰው 85 ኪሎ ግራሙን እንደ ሙሉ ጥረት ቆጥሮ ለምዶታል። ዓይኑም ብዙ አይረዳውም፤ በዚያች ቅጽበት ፊቱን የሞላው ራሱ ያዘነበለ የውኃ ግድግዳ ነውና። በዳርቻው ላይ የቆመ ታዛቢ ግን አድማሱንና ሰውየውን በአንድነት ስለሚመለከት ማዕዘኑን በቀላሉ ያየዋል። አሠልጣኙ ከሰርፈሩ የበለጠ ባያውቅ እንኳ የቆመበት ስፍራ የተለየ ነው፤ ጥቅሙም ከዚሁ ይጀምራል።

ልማድ ሲደነድን

ሁለተኛው ምክንያት በአእምሮ ውስጥ ነው። ፖል ፊትስና ማይክል ፖስነር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ የእንቅስቃሴ ትምህርት በሦስት ደረጃ እንደሚያልፍ ገልጸዋል። በመጀመሪያው ተማሪው እያሰበ ይሠራል፤ በሁለተኛው ስሕተቱን እያረመ ያስተካክላል፤ በሦስተኛው ሳያስብ ይሠራል። ሦስተኛው ደረጃ ታላቅ በረከት ነው፤ በሰከንድ 7 ሜትር እየተጓዙ ማሰብ አይቻልምና። ዳሩ ግን መልካሙ ልማድ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱም አብሮ ከአስተሳሰብ ውጭ ይሆናል። ጉልበቱን በማጠፍ ፈንታ ወገቡን የሚያጥፍ፣ ወይም ሊሄድበት ወዳሰበው ስፍራ በማየት ፈንታ ሰሌዳውን የሚያይ አንጋፋ፣ ይህን እንደሚያደርግ ራሱ አያውቅም። ሞገድ በጋለበ ቁጥርም ጉድለቱን ይለማመደዋል።

አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ባደረጉት የታወቀ ጥናት ያተኮሩት፣ አንድን ጉድለት ለማረም ተብሎ በሚደረግና ውጤቱ በሚመረመር ልምምድ ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ልምምድ ያሳለፉት ሰዓት በበለጡትና በመካከለኞቹ ተማሪዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አሳይቷል። አንድን ነገር ለብዙ ዓመት መሥራትና ለማሻሻል መለማመድ የተለያዩ ናቸው። ለመዝናናት ብቻ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰርፈር አሥረኛው ዓመቱ የአምስተኛው ግልባጭ ሊሆን ይችላል።

ካሜራ ብቻውን አይበቃምን?

ዛሬ ማንም ሰው ራሱን በቪዲዮ መቅረጽ ስለሚችል ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ካሜራ የሆነውን ያሳያል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሰርፈሩ የወደቀው በሞገዱ አናት ላይ ሲዞር ቢሆንም፣ ምክንያቱ ከአንድ ሰከንድ በፊት በግርጌው ሲዞር ቸኩሎ ፍጥነት ማጣቱ ሊሆን ይችላል። ያም ደግሞ ሲነሣ ዓይኑን ወደ ታች ከመጣሉ የመጣ ይሆናል። ብዙ ሰው ሲወድቅና ሲነሣ የተመለከተ አሠልጣኝ ከውጤቱ ወደ ምክንያቱ ተመልሶ መሄድን ያውቅበታል፤ ከአሥሩ ጉድለት መካከልም ቀድሞ መታረም ያለበትን አንዱን ይመርጣል።

የሚናገርበት መንገድም ልዩነት ያመጣል። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ጋብሪኤለ ቩልፍ በነፋስ ሸራ በሚነዳ የውኃ ሰሌዳ ላይ መዞርን ስትለማመድ፣ ስለ እግሯ ከማሰብ ይልቅ ስለ ሰሌዳው ማዘንበል ስታስብ እንደሚቀላት አስተዋለች። ከዚያም ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ጥናት፣ በበረዶ መንሸራተትን በሚያስመስል መሣሪያ ላይ የተለማመዱ ሰዎች ሐሳባቸውን ከእግራቸው ይልቅ በመሣሪያው ላይ ሲያሳርፉ የተሻለ እንደተማሩ አሳየች። ስለዚህ «የኋላ እግርህን ጫን» ከማለት «የሰሌዳውን ጠርዝ ውኃው ውስጥ ቅበረው» ማለት ይሻላል።

እርማት ሲበዛ ግን ይጎዳል። ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዎልተር እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት ግምገማ፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ እርማት የሚሰጠው ተማሪ በእርማቱ ላይ ጥገኛ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። በመሆኑም ብልህ አሠልጣኝ አስቀድሞ «ምን ተሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ቪዲዮውን ያሳያል። በስሜቱና በምስሉ መካከል ያለው ልዩነት ለአንጋፋው ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው፤ ቀደም ሲል የጠቀስነውን 35 ዲግሪ የሚያርመው ይህ ንጽጽር ነውና።

ቴክኖሎጂም እያገዘ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ይፋ ያደረገው ሰው ሠራሽ ሞገድ የሚገኘው በካሊፎርኒያ፣ ከባሕር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። በባቡር መሰል ተሽከርካሪ የሚጎተት ክንፍ በረጅም ገንዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ሞገድ ደጋግሞ ይፈጥራል። ሞገዱ ካልተለወጠ የሚለወጠው ሰርፈሩ ብቻ ነው፤ ሙከራውም እውነተኛ ሙከራ ይሆናል።

በስፖርቱ ጫፍ ላይ ያሉት ይህን ተረድተዋል። ብራዚላዊው ጋብሪኤል ሜዲና እ.ኤ.አ. በ2014ና በ2018 የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ2021 ከአውስትራሊያዊው አሠልጣኝ ከአንዲ ኪንግ ጋር ሠርቶ ሦስተኛ ማዕረጉን አግኝቷል። ማዕረጉን ያመጣው አሠልጣኙ ብቻ ነው አንልም። ሁለት ጊዜ ዓለምን ያሸነፈ ሰው ከዳርቻ የሚመለከተውን ዓይን አለመናቁ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል።

አንጋፋን ሰው ከአሠልጣኝ የሚያርቀው ብዙ ጊዜ የእውቀት ማነስ ሳይሆን እፍረት ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ «አስተምሩኝ» ማለት ዝቅ ማለት ይመስለዋል። ዕድሜ ግን አይጠብቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው በዓመት ውስጥ በሞገድ ላይ የሚቆመው ቢበዛ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከእነዚህ ጥቂት ሰዓታት መካከል የተወሰኑትን በሌላ ሰው ዓይን ማስመርመር የቀሩትን ዋጋ ይጨምራል። ውድ አንባቢያን፣ ችግሩን በመፍታት ወይም በቤተ ሙከራ ሥራ ረገድ «ይህንስ ለምጄዋለሁ» የምትሉት ነገር ካለ፣ በመጀመሪያ አንድ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ስትሠሩት እንዲመለከት ጠይቁት።