ፖስታና ኢንክጄት፦ የወጪውና የጥገናው ነገር

ኢንክጄት ፕሪንተር ፈሳሽ ቀለምን በዓይን በማይለዩ ቀዳዳዎች እየተፋ ጽሑፍና ሥዕል ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ማሽን ነው። ለፖስታ ሕትመት ከሌዘር የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። ሌዘር ቶነር የሚባለውን የቀለም ዱቄት ከወረቀቱ ጋር የሚያዋህደው 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀትና በሮለር ግፊት ስለሆነ የፖስታው ማስቲሽ ይለሰልስና ክዳኑ ገና ደብዳቤ ሳይገባበት ይጣበቃል፤ ጠርዙም ተጨማዶ ይወጣል። ኢንክጄት ወረቀቱን አያሞቀውም፣ አይጫነውምም፤ ከላዩ ሆኖ ነጠብጣብ ይጥልበታል እንጂ።

ቀለሙን የሚተፋው ክፍል በባለሙያዎች አፍ «ሄድ» ይባላል፤ ዓይነቱም ሁለት ነው። በአንደኛው ዓይነት ከእያንዳንዷ ቀዳዳ ጀርባ ያለች ትንሽ ማሞቂያ ቀለሙን በቅጽበት አፍልታ አረፋ ትፈጥራለች፣ አረፋውም ነጠብጣቧን ገፍቶ ያስወጣታል። ካኖን ይህን ሐሳብ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ መርፌ ነክቶ ቀለሙ ሲረጭ በመታየቱ ነው። ኤችፒም በራሱ መንገድ ደርሶበት በ1984 «ቲንክጄት» የተባለውን ማሽን ለገበያ አቅርቧል። ኤፕሰን ከ1993 ጀምሮ የያዘው ሁለተኛው መንገድ ሙቀት የለበትም፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚተጣጠፍ ክሪስታል ቀለሙን ጨምቆ ያስወጣዋል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ጥገና ላይ ነው። በብዙዎቹ የኤችፒ ማሽኖች ሄዱ ከቀለም መያዣው ከካርትሪጁ ጋር የተሠራ ስለሆነ ካርትሪጅ የቀየረ ሰው ሄድም ቀየረ ማለት ነው። 42 ሚሊ ሊትር ቀለምና 300 ቀዳዳ ያለው የታወቀው ኤችፒ 45 ካርትሪጅ ለዓመታት በአድራሻ ማተሚያ ማሽኖች ላይ የቆየው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ቢደፈንም የሚያሳዝነው ለአንድ ካርትሪጅ ዋጋ ያህል ብቻ ነው። የኤፕሰን ሄድ ግን ከማሽኑ ጋር ተወልዶ ከማሽኑ ጋር የሚኖር ዕቃ ነው። ቀለሙ ርካሽ ይሆናል፣ ሄዱ ሲሞት ግን ዋጋው ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር ይፎካከራል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለፖስታ ብቻ ተብለው የሚሠሩት ትላልቅ ማሽኖች ሌላ ዓለም ናቸው። ሄዳቸው ከግራ ወደ ቀኝ አይመላለስም፤ የወረቀቱን ስፋት ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ፖስታው ከሥሩ ይሮጣል። የሜምጄት ኩባንያ ሄድ 70,400 ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን በሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ያሳልፋል። በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ፖስታ ያትማል ማለት ነው። ይህ ሄድ እንደ ቀለሙ ሁሉ አላቂ ዕቃ ሆኖ ነው የሚታሰበው፤ የማሽኑ ባለቤት በየጊዜው አዲስ እንደሚገዛ ከመጀመሪያው አውቆ ሒሳቡ ውስጥ ያስገባዋል። ማሽኖቹ የሚያዋጡት በየቤቱ ማስታወቂያና የክፍያ ማሳሰቢያ በፖስታ በሚላክበት አገር ነው። ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር በሚደርስበት፣ አብዛኛው ፖስታ ደግሞ በሰው እጅ በሚሄድበት በኢትዮጵያ ይህን ያህል ማሽን የሚያጠግብ ሥራ የለም።

ይህ ማለት ግን ፖስታ አይታተምም ማለት አይደለም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያለውን ሥራ ብቻ ብናይ፦ የሠርግና የምረቃ ጥሪ አለ፤ የመሥሪያ ቤት ዓርማ ያለበት ፖስታ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን የአሥራትና የመባ ፖስታ አለ። «ቴክኒካል» እና «ፋይናንሽያል»፣ «ኦሪጅናል» እና «ኮፒ» ተብሎ ተለይቶ በሰም የሚታሸገው የጨረታ ኤንቨሎፕም አለ፤ ምንም እንኳ ይህ የመጨረሻው የኤሌክትሮኒክ ግዥ በተስፋፋ ቁጥር መቀነሱ የማይቀር ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ1986 በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተጀምሮ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በያመቱ የሚያስመርቃቸው ተማሪዎች ራሳቸው የአንድ ወቅት ገበያ ናቸው።

ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ለማየት ጫኖን እንውሰድ፦ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ የምትገኝ የሙዝና የማንጎ አገር ናት፤ ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ ተብላ በቀበሌ ትከፈላለች። እንዲህ ባለ ቦታ ጽሕፈት ቤት የሚከፍት ሰው የሚገዛው የፖስታ ማሽን አይሆንም። መታወቂያ ፎቶውንም፣ ማመልከቻውንም፣ ፖስታውንም በአንድነት የሚሠራ ባለ ታንክ ኢንክጄት ነው። ኤፕሰን ቀለሙ ከጠርሙስ የሚገለበጥበትን ይህን ዓይነት ማሽን መጀመሪያ የሸጠው እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ሲሆን፣ ያስገደደው እዚያ ያሉ ነጋዴዎች ካርትሪጁን በስተው በቱቦ ከውጭ ጠርሙስ ጋር ማያያዛቸው ነበር። ፋብሪካው ከጥገና ቤት ተማረ ቢባል ውሸት አይሆንም። ባለ ስድስት ቀለሙ ኤል 805 ለፎቶና ለጥሪ ካርድ፣ ኤ3 ወረቀት የሚያልፍበት ኤል 1800 ሰፋ ላለ ሥራ፣ ባለ አራት ቀለሞቹ ደግሞ ለዕለት ጽሕፈት ይውላሉ።

ስለ ወጪ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው የቀለሙን ዋጋ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። 70 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም በፋብሪካው ስሌት 4,000 ገጽ ያትማል። ይህ ግን ከገጹ 5 በመቶው ብቻ ቀለም ሲነካው ነው፤ በኤ4 ወረቀት 31 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። የላኪና የተቀባይ አድራሻ ብቻ የሚጻፍበት ፖስታ የዚህን ግማሽ እንኳ አይወስድም። በአንጻሩ 110 በ220 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ለሦስት የታጠፈ ኤ4 የሚይዘው ረጅሙ ፖስታ ፊቱ በሙሉ በቀለም ከተሸፈነ 242 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የስምንት ገጽ ጽሑፍ ያህል ቀለም ጠጣ ማለት ነው። የሠርግ ፖስታን በወይን ጠጅ ቀለም ሙሉ ፊቱን አልብሶ በአድራሻ ፖስታ ዋጋ የሚያስከፍል ባለሙያ ኪሳራው የሚገባው ጠርሙሱ ሲያልቅ ነው።

ያም ሆኖ ከቀለሙ የሚበልጠው ወጪ ወረቀት ላይ የማይደርሰው ቀለም ነው። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር፣ ሄዱም በተጸዳ ቁጥር ቀለም ወደ ታች ተመጥጦ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለ ስፖንጅ መሰል ፓድ ላይ ይፈሳል። በቀን አሥር ፖስታ የሚያትም ማሽን ካተመው ቀለም ይልቅ ያፈሰሰው ሊበልጥ ይችላል። ማሽኑን የሚያደኸየው ሥራ መፍታት ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሠርግ በጥር ይበዛና በዐቢይ ጾም ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል፤ አርባ ምንጭ ባለችበት በጋሞ ዞን የፕሮቴስታንት አማኝ ብዙ ስለሆነ ገበያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም እንጂ ይቀዘቅዛል። ይህ የጾም ጊዜ ደግሞ ከቆላው ደረቅና ሞቃት ወራት ጋር ይገጥማል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ያለው ቀለም እዚያ ሙቀት ውስጥ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ይረጋል። መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው፤ ሥራ ባይኖርም በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ሁሉም ቀለም ያለበት አንዲት ትንሽ ገጽ ማተም። የዚያች ገጽ ዋጋ ከአንድ የሄድ ማጽዳት ያነሰ ነው።

መብራት ሌላው ነገር ነው። ኢንክጄት በማጥፊያ ቁልፉ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄዶ ጎማ ክዳን ላይ ይቀመጣል፤ ክዳኑ እርጥበቱን ይዞለት ያድራል። በሕትመት መሐል መብራት ከሄደ ግን ሄዱ ባለበት ሜዳ ላይ ይቀራል። ማታ የጠፋ መብራት ጠዋት እስኪመጣ ቀዳዳዎቹ አየር ላይ ያድራሉ። መብራት ሳይሄድ ማሽኑን በቁልፉ ሳይሆን ከሶኬት ነቅሎ የሚያጠፋ ሠራተኛም ያው ነው የሚያደርገው። ደግነቱ እነዚህ ማሽኖች ሲያትሙ ከ20 ዋት በታች ነው የሚወስዱት። መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ ሌዘር የማይሸከመው ትንሹ ዩፒኤስ እንኳ የተጀመረውን ፖስታ አስጨርሶ ማሽኑን በወጉ ለማጥፋት ይበቃዋል። ከሄድ ዋጋ ጋር ሲተያይ ዩፒኤስ ከሁሉ የተሻለ ጥገና ነው።

ፖስታው ራሱም ማሽን ያበላሻል። ወረቀቱ አንድ ንብርብር አይደለም፤ መሐሉ ሁለት፣ ስፌቱ ላይ ሦስት፣ ክዳኑ ዘንድ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ያ ከፍ ያለ ስፌት በሄዱ ሥር ሲያልፍ ከነካው መጀመሪያ ቀለም ይቀባል፣ ሲደጋገም ቀዳዳዎቹን ይፍቃል። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት «ኤንቨሎፕ» ብሎ መምረጥ ለይስሙላ አይደለም፤ ማሽኑ ሄዱን ከወረቀቱ ትንሽ አርቆ እንዲሄድ የሚያዘው እሱ ነው። ፖስታዎቹን በመዳፍ ተጭኖ አየራቸውን ማስወጣት፣ የተቆለመመውን ጠርዝ ማቃናት፣ ከአሥር የበለጠ በአንዴ አለመደርደር ይገባል። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ፖስታው እርጥበት ስቦ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ማሽኑ ሁለቱን በአንዴ ይስባል፤ እሽጉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ያድናል። ደረቁ ወቅት ሲመጣ ደግሞ የካኪ ፖስታ ብናኝ የመሳቢያውን ጎማ ያለሰልሰውና ማሽኑ «አልስብ» ይላል። ብዙ ጊዜ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፣ መቀየር አያሻም።

ካኪ ፖስታ በሌላም በኩል አስቸጋሪ ነው። ሻካራ ስለሆነ ቀለሙን ወደ ጎን ያሰራጨዋል፤ በትንሽ ፊደል የተጻፉ «ጨ» እና «ጩ» ውስጣቸው ተሞልቶ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ጎላ ባለ ፊደል፣ በጥቁር ብቻ ማተም ይሻላል። የቀለሙ ዓይነትም እዚህ ላይ ይለያል፦ በውሃ የሚሟሟው ዳይ ፎቶ ላይ ያማረ ቢሆንም ዝናብ የነካው አድራሻ ይፈሳል፤ ጥቃቅን ዱቄት ያለበት ፒግመንት ግን ውሃ ይችላል። ሁለቱን አንድ ታንክ ውስጥ መደባለቅ ግን ክልክል ነው። ተቀላቅለው ሊረጉና ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊደፍኑት ይችላሉ።

ማሽኑ መስመር ማውጣት ሲጀምር የጥገናው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ የሚበላሸውም ባለመታገሥ ነው። መጀመሪያ የቀዳዳ ምርመራ ገጽ ይታተማል፤ የትኛው ቀለም የት ላይ እንደተቆረጠ በዚያ ይታያል። ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በሶፍትዌሩ ማጽዳት። ካልተስተካከለ አጥፍቶ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ማቆየት ነው፤ ቱቦው ውስጥ የገባ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ የረጋውም ይለሰልሳል። ደጋግሞ ማጽዳት ግን ታንኩን አጉድሎ ፓዱን ይሞላል እንጂ የደረቀን ቀለም አይፈታም። ከዚህ ካለፈ ባለሙያው ሄዱን ፈትቶ በማጽጃ ፈሳሽ ይነክረዋል፣ በመርፌና በቀጭን ቱቦም ቀስ አድርጎ ያሳልፍበታል። በኃይል የገፋ ሰው የውስጡን ስስ ሽፋን ይበጥሳል። ከሁሉ የከፋው አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሄዱን ከማዘር ቦርዱ ጋር በሚያገናኘው ጥብጣብ ኬብል ጫፍ ላይ ቀርታ መብራት ሲለቀቅ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለችው የሩዝ ፍሬ የምታህል ፊውዝ ትቃጠላለች። ብልህ ባለሙያ ያኔ ማዘር ቦርድ አያስቀይርም፣ ፊውዟን በሜትር ይለካል።

ሁለት ቀይ መብራት እየተፈራረቀ ብልጭ ሲልና ማሽኑ አልሠራም ሲል ደንበኛው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም፤ የፈሰሰውን ቀለም የሚቆጥረው ቆጣሪ «ፓዱ ሞልቷል» ማለቱ ነው። በሶፍትዌር «ሪሴት» ማድረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለዚያ ብቻ ከፍሎ መሄድ ግን ራስን ማታለል ነው፤ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ እንጂ ቀለሙ እዚያው አለ። ፓዱ ካልታጠበ ወይም ካልተቀየረ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ብዙ ጥገና ቤቶች የማፍሰሻውን ቱቦ ወደ ውጭ አውጥተው በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ይከቱታል። ለዓይን አያምርም፣ ግን መቼ እንደሞላ ይታያል።

ከጫኖ ወደ አርባ ምንጭ ጥገና የሚሄድ ማሽን ጉዞው ራሱ አንድ አደጋ ነው። ታንኩ ቀለም እንደያዘ ባጃጅ ላይ ካጋደለ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይፈሳል። የታንኮቹን ክዳን ማጥበቅ፣ በኤል 805 እና በኤል 1800 ላይ ያለውን የጉዞ መቆለፊያ ማዞር፣ ማሽኑንም ጠፍጣፋ አድርጎ በጭን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሲደርሱ መቆለፊያውን መልሶ አለመክፈት ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው፤ ቀለም አልደርስ ብሎት የደረቀ የሚመስለው ሄድ አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ በመውረዱ ከውጭ የሚመጣ ሄድም፣ ቀለምም፣ ማሽንም ተወዷል። ስለዚህም ለአንድ ዓይነት ጽሑፍ ብዛት ያለው ሥራ፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤት ዓርማ ያለበት 5,000 ፖስታ፣ በኢንክጄት መሥራት አያዋጣም፤ የኦፍሴት ማተሚያ ቤት ወጪ በብዛት ይከፋፈላል፣ የኢንክጄት ግን እስከ መጨረሻው ፖስታ አይቀንስም። ኢንክጄት የሚያሸንፈው በየፖስታው ስም በሚለያይበትና ቁጥሩ በመቶዎች በሚወሰንበት ሥራ ነው።

ሄዱ በእርግጥ ከሞተ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሄዱ ዋጋና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከአዲሱ ማሽን ግማሽ ይበልጣል ወይ? ከበለጠ አዲስ መግዛት ይሻላል፤ ምክንያቱም የያረጀው ማሽን ጎማ፣ ፓድና ቱቦ እየተከታተሉ መበላሸታቸው አይቀርም። የሞተውን መጣል ግን አያስፈልግም። ኃይል ሰጪው፣ ሞተሩ፣ የመሳቢያው ጎማና ታንኮቹ ለተመሳሳይ ሞዴል መለዋወጫ ይሆናሉና ጥገና ቤቶች ይገዙታል።