የመምህሩን በር ማንኳኳት

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ሊሰናበቱን ሲሉ ወላጆች በየዓመቱ የሚጠይቁን «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብለው ነው። እኛም አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩበት እንመክራለን፤ ልጁ በመጀመሪያ ዲግሪው ከመምህር ጋር ጥናት ወይም የፈጠራ ሥራ የመሥራት ዕድል ያገኛል ወይ?

በክፍል ውስጥ ተማሪው ሌሎች የደረሱበትን እውቀት ይቀበላል። ጥናት ሲሠራ ግን መልሱ ገና ያልተጻፈ ጥያቄ ይይዛል። አማካሪው መምህር ጥያቄውን ያጠብለታል፣ የሚነበበውን ይጠቁመዋል፣ «ይህን በምን አረጋገጥህ?» እያለ ረቂቁን ይመልስለታል። ሥራው ግን የተማሪው ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር ነበራቸው። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያበረታቷቸው ነበር። ተማሪዎቹ የየአካባቢያቸውን ወግና ሥርዓት ከሽማግሌዎች ጠይቀው ጽፈው በማኅበሩ መጽሔት አወጡ። ከዚያ በኋላም የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪያቸው የጻፏቸውን ጥናቶች ታላላቅ የታሪክ ምሁራን በመጻሕፍታቸው ይጠቅሳሉ። የተጠየቁት አረጋውያን አልፈዋል፤ የነገሩት ግን አንድ ወጣት ስለ ጻፈው ቀርቷል።

ከዚህ ዕድል ልጆቻችንን ከውጤት ይልቅ ይሉኝታ ያስቀራቸዋል ብለን እንሰጋለን። በቤታችን ጨዋ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ይላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ዝም ያለውን ተማሪ መምህሩ አያውቀውም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን፣ በመጀመሪያው ዓመት የመምህራችሁን አንድ ጽሑፍ አንብቡ። ያልገባችሁን በግማሽ ገጽ ጻፉና መምህሩ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት በሩን አንኳኩ። መረጃ መመዝገብም ሆነ ዕቃ ማጠብ ቢሰጣችሁ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሥራው ሲታተም የማን ስም እንደሚሰፍርበት አስቀድማችሁ በአክብሮት ጠይቁ።

ወላጆችም፣ ልጃችሁ ክረምቱን ክፍያ በሌለው ጥናት ላይ ላሳልፍ ቢላችሁ ጊዜ አባከነ አትበሉ። ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ «ለምን?» ሲላችሁም አትቆጡት፤ ነገ የመምህሩን በር ለማንኳኳት የሚደፍረው ከእናንተ ዘንድ መልስ ማግኘት የለመደ ልጅ ነው።