በመርከብ ጉዞ ክፍልን ከማያውቁት ሰው ጋር ስለመጋራት

በመዝናኛ መርከብ ለብቻው የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ስለሚከፍል፣ ከማያውቁት ተጓዥ ጋር ክፍል መጋራት ወጪን ይቀንሳል። በወረርሽኝ ወቅት ግን ስሌቱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ጃፓን፣ ዮኮሃማ ወደብ ላይ ተለይታ በቆየችው ዳይመንድ ፕሪንሰስ ከነበሩት 3,711 ሰዎች ከ700 በላይ የሚሆኑት በኮቪድ-19 ተይዘዋል፤ መንገደኞችም ለሁለት ሳምንት ያህል በየክፍላቸው እንዲቆዩ ተደርገዋል። በጠባብ ክፍል የሚያድሩ ሰዎች ርቀት መጠበቅ አይችሉም፤ በእንቅልፍ ሰዓትም ጭምብል አይደረግም። ስለዚህ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ለብቻቸው ክፍል ቢይዙ ይመረጣል። መጋራት ግድ ከሆነ፣ አንዱ ሲታመም ለሌላው የሚሰጥ ክፍል መኖሩ ከክፍያ በፊት ይጠየቅ። ለብቻ መጓዝም ስጋት አለው፤ ትኩሳቱ ሲበረታ የሚያይ የለምና፣ ብቸኛ ተጓዥ ምልክት እንደታየበት ለመርከቧ ሐኪም በስልክ ያሳውቅ።