መዘምራኑ ከመነሣታቸው በፊት

የካቶሊክ ቅዳሴ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የሚሰማው ኦርጋን፣ ምእመናኑ ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ወዳጆቼ፣ አይደለም! በግሪጎርያን ዜማ ላይ የተሠራ ፕሪሉድ (የመግቢያ ሙዚቃ) ከሆነ ጆሮውን ለሰጠ ሰው ብዙ ይናገራል። የዕለቱ በዓል ምን እንደሆነ፣ መዘምራኑ በየትኛው ዜማ እንደሚገቡ፣ ድምፃቸውን ከየት እንደሚያነሡ፣ አንድ ቃል ሳይወጣ ያስታውቃል።

ኦርጋን ስል በመድረክ ላይ ዘማሪ የሚያጅበውን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ነፋስ በቧንቧ ውስጥ እየገባ የሚያሰማው፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ በትልልቅ ካቴድራሎች ቧንቧዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ መሣሪያ ነው። የግሪጎርያን ዜማ ደግሞ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የላቲን ዜማ ነው። የተሰየመው በ604 ባረፉት በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ ስም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ መልኩን የያዘው ግን ከእሳቸው በኋላ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዘመን ነው። መዘምራኑ ሁሉ አንድ ዜማ ብቻ ይዘው ይዘምሩታል፤ ስምንት ስልቶች አሉት፤ በእኩል ምት አይታሰርም። የሚመራው ቃሉና ትንፋሹ ነው።

ለኦርጋን ተጫዋች ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ዘማሪ ይተነፍሳል፤ ቃሉ ሲጠብቅ ድምፁን ያጠብቃል፣ ሐረጉ ሲያልቅ ያለሰልሳል። የኦርጋን ቧንቧ ግን ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ባለበት ይጸናል፤ ጣት ቢበረታ ቢላላ ለውጥ የለውም። ታዲያ ተጫዋቹ ዜማውን እንዴት ያስተነፍሰዋል? በጊዜ ነዋ! የሐረጉን ከፍተኛ ድምፅ በጥቂቱ ያቆየዋል፤ ሐረጉ ሲያልቅ ጣቱን አንሥቶ፣ ዘማሪ አየር ለመሳብ የሚበቃውን ያህል ዝም ይላል። በፈረንሳይ የሶሌም ገዳም መነኮሳት ዜማውን በሁለት በሁለትና በሦስት በሦስት ድምፅ እየከፈሉ መዘመርን አስተምረዋል። ይህ ትምህርት የሙዚቃ ደራሲውን ሞሪስ ዱሩፍሌን በብርቱ ነክቶታል፤ በ1947 በጨረሰው የሙታን ቅዳሴ ሙዚቃ፣ «ሬኩዬም»፣ ምቱ ከቃሉ ጋር እየተለዋወጠ የሚሄደው ለዚህ ነው። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ዜማውን ከነቃሉ በገዛ ድምፁ ያልዘመረ ሰው ፕሪሉዱን በትክክል አይጫወተውም።

ቀድሞ ኦርጋኑ ከመዘምራኑ ጋር ይቀባበል ነበር። በቅዳሴው ዘጠኝ ጊዜ ከሚደጋገመው ኪርያላይሶን አምስቱን ኦርጋኑ፣ አራቱን መዘምራኑ ይወስዳሉ። የሙዚቃ ደራሲው ፍራንስዋ ኩፕራን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ በ1690፣ ለዚህ ልማድ የሚሆኑ ሁለት የኦርጋን ቅዳሴዎች አውጥቷል። ከሁለቱ በአንደኛው የመጀመሪያው ኪርያላይሶን ላይ ጥንታዊው ዜማ በረጃጅም ድምፆች፣ እንደ መለከት በሚጮኹ ቧንቧዎች፣ ከሌሎቹ ድምፆች መካከል ጎልቶ ይወጣል።

ልቤን የሚወስደው ግን ሻርል ቱርንሚር ነው። ከ1898 ጀምሮ በ1939 እስከሞተበት ድረስ በፓሪስ ሳንት ክሎቲልድ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሴዛር ፍራንክ በተቀመጠበት የኦርጋን ወንበር ላይ አገለገለ። ከ1927 እስከ 1932 ባለው ጊዜም «ሎርግ ሚስቲክ» የተባለውን ሥራ ጻፈ፤ ለዓመቱ ሰንበቶችና በዓላት የተዘጋጁ 51 ክፍሎች ያሉት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ማለት ይቻላል አምስት ሥራዎች ይዟል፦ ለመግቢያው ዝማሬ ፕሪሉድ፣ ለመባ፣ ሥጋ ወደሙ ከፍ ለሚልበት ጊዜ፣ ለቁርባን፣ ለመውጫ። የመግቢያው ፕሪሉድ በጣም አጭር ነው፤ ካህኑ ወደ መሠዊያው እስኪደርስ ድረስ ብቻ የሚበቃ። የመውጫው ግን ይሰፋል፣ ይገነፍላል፤ ሕዝቡ ተሰናብቷልና ጊዜ አለ። ራሱ ቱርንሚር በቅዳሴ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የጻፈውን አይጫወትም ነበር፤ የዜማውን መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ እዚያው በቅጽበት ይፈጥር ነበር።

እንዲህ ያለ ችሎታ ለሌለው ተጫዋችም ቢሆን መጠነኛ ፈጠራ ግድ ይለዋል። የግሪጎርያን ዜማ የተወሰነ የድምፅ ከፍታ የለውም፤ መዘምራኑ ለጉሮሯቸው በሚስማማው ያነሡታል። የታተመው ፕሪሉድ በሌላ ከፍታ ካለቀ፣ ተጫዋቹ በጥቂት ድምፆች አሸጋግሮ መነሻቸው ላይ ማድረስ አለበት። ይህን ካላደረገ ዘማሪዎቹ ሲደናገሩ ይሰማል።

የዝምታውም ወቅት ይታወቃል። በዐቢይ ጾም ኦርጋኑ ዝማሬውን ከመደገፍ በቀር ብቻውን አይጫወትም፤ አራተኛው እሑድና ታላላቅ በዓላት ብቻ ይፈቀዱለታል። በእኛም ቤት በዚያው ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል፤ ስለዚህ የትንሣኤ ሌሊት ኦርጋኑ ሲመለስ ምእመኑን ምን እንደሚሰማው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ1963 የወጣው የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ ለግሪጎርያን ዜማም ለቧንቧ ኦርጋንም የክብር ቦታ ሰጥቷል። ያም ሆኖ ብዙ አጥቢያዎች በየቋንቋቸው ወደተደረሱ መዝሙሮች ዞረዋል። በእነዚህ ቦታዎች ጥንታዊው ዜማ አሁንም የሚሰማው፣ ቃሉ ባይኖርም፣ በፕሪሉዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻ እንኳ ጥበቡን ተምሮ መያዝ እንደሚገባ ያሳምነኛል።

መስማት ለምትፈልጉ በዣን ደሜስዩ ጀምሩ። በ12 ዓመቷ የፓሪስ አጥቢያ ኦርጋኒስት የሆነች፣ በ1968 ያረፈች ድንቅ ሴት ናት። በ1947 የጻፈቻቸው 12 ፕሪሉዶች አጫጭር ናቸው፤ «አዴስቴ ፊዴሌስ»ን የመሰለ ኋላ የመጣ የገና መዝሙርም ቢቀላቀልባቸው፣ አብዛኞቹ መሠረታቸው የጥንቱ ዜማ ነው። «ሮራቴ ቼሊ» ከገና በፊት ላሉት ሳምንታት የሚሆን፣ ዜማው በጥቃቅን ጌጥ እየተሸለመ በቀስታ የሚፈስ ነው። «ቬኒ ክሬአቶር» ደግሞ የበዓለ ሃምሳው ነው፤ ጣቶች በፍጥነት የሚሮጡበት ነጎድጓዳማ ቶካታ። አስቀድማችሁ በመነኮሳት የተዘመረውን «ቬኒ ክሬአቶር» ሁለት ሦስት ጊዜ ስሙና ከዚያ ወደ ቶካታው እለፉ፤ በዚያ ሁሉ ወጀብ መሐል ዜማውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።